መብረቂቱን የቀባት ዲያቆን

በነፋሻዋ ደብረ ብርሃን ያልታሰረ ወረቀት ይዞ መንገድ መውጣት ድፍረት ነው። አልታየች ጣሰው ግን በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት አንድ የሚያዝያ ቀን ደፍራ ወጣች። ከትምህርት ቤቱ ማባዣ የወጡትን የስዕል ወረቀቶች በደረቷ አቅፋ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥግ ስታልፍ ነፋሱ ሙልጭ አድርጎ ቀማት።

ወረቀቶቹ ላይ ያለው መስመር ብቻ ነው። ቀለሙን የሚጨምሩት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ናቸው። ሐሳቡን ያገኘችው አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ካሳያት መጽሔት ነበር። ሱሪው ላይ ቁምጣ ደርቦ ሰማይ ለሰማይ የሚበር ሰው አይታ እስኪያማት ሳቀች፤ በማግስቱ ግን የራሷን ጀግና መሣል ጀመረች። ስሙን «ክንደ ብርቱ» አለችው። ካባውን እያውለበለበ በታርማበር ቁልቁለት ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና በአንድ እጁ ያቆማል።

ያን ቀን ክንደ ብርቱ ራሱ አጥር ላይ ተንጠለጠለ፣ ቦይ ውስጥ ወደቀ። አንድ ጋቢ የለበሰ ወጣት እየሮጠ ለቃቀመላትና የመጨረሻውን ሲያቀብላት፣ ካባው ላይ ቀይ የጣት አሻራ ቁጭ ብሏል።

«ውይ! አበላሸኸው እኮ!»

ወጣቱ ቀለም የጠጣ አውራ ጣቱን አየ። «ካባው ቀይ አይደለም እንዴ?»

«የሚቀቡት ልጆቹ ናቸው!»

«እንግዲያው ይንገሯቸው፤ ከፈዛዛው ቀለም ይጀምሩ። ጥቁሩ መጨረሻ ይምጣ። ጥቁር ከቀደመ ቢጫውን ይበላዋል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስምዎን ማን ልበል?» አለ።

«አልታየች።»

«ስሙን ያወጣልዎ ሰው ዓይኑን ቢታይ ጥሩ ነበር።»

ልትቆጣ አሰበች፤ ሳቋ ቀደማት። ወጣቱ ዲያቆን ወልደአረጋይ ይባላል፤ የአንኮበር ልጅ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ከሚሥሉት ከአባቱ ከመሪጌታ ገብረአማኑኤል ጋር መጥቶ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ክፍሏ እየመጣ ልጆቹን ያስተምር ጀመር። «መጀመሪያ መስመሩን ተከትላችሁ በስሱ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ» ይላል። «እርሳሱን ወዲህም ወዲያም አታራውጡት፤ ካባው በሚወርድበት ይውረድ። ብርሃን የሚያርፍበትን ትከሻ ምንም አትቀቡት፤ ነጩ ወረቀት ይሥራላችሁ።» ሐምራዊ ያደረገችውን የክንደ ብርቱ ጢም ለማሳየት አንዷ እየተንጠራራች ስትጠራው፣ አስተማሪዋም አብራ ትንጠራራለች። ምን ይደበቃል፣ ወደደችው። ዓርብ እስኪደርስ ሳምንቱ አልገፋ ይላት ነበር።

እሱ ግን ቀለም እንጂ ሌላ ወሬ አያውቅም። ዓይኗን ሲያገኘው ቶሎ ወደ እርሳሱ ይሸሻል።

ሰኔ ላይ የሥራ ባልደረባዋ ደመቀች መርዶ አመጣች። «የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ አልቋል። ዲያቆን ካላገባ አይቀስስም፤ አባትየው አንኮበር ለአንድ ቄስ ልጅ ሽማግሌ ሊልኩለት ነው። የወላጆች በዓል በዋለ ማግስት ይሄዳሉ። ተናገሪ እንጂ!»

«ሴት ልጅ ምን ብላ ትናገራለች?»

«እንግዲያው ሣዪ!»

ለወላጆች በዓል ግቢው ውስጥ የሚሰቀል ትልቅ የአቡጀዲ ስዕል ታዞ ነበር። አልታየች ለእሱ አዲስ ጀግና ፈጠረች፤ መብረቂቱን። ጠላቷ የጉም ጌታ ነው፤ ታርማበር ላይ መንገዱን በጉም ጋርዶ መኪና ገደል የሚከት ክፉ። እሱን ፊት ለፊት እንዳፈጠጠ ሣለችው። ለመብረቂቱ ፊት ግን ራሷ በመስኮቱ ፀሐይ ፊት በጎኗ ዞራ ተቀመጠችና ደመቀች ጥላዋን አቡጀዲው ላይ በከሰል ተከተለችው። ግንባሯ፣ አፍንጫዋ፣ አገጯ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጣ። የሚወደኝ ከሆነ በጥላዬም ያውቀኛል አለች በልቧ።

አቡጀዲውን ጠቅልላ እንዲቀባው ለወልደአረጋይ ስትሰጠው መሪጌታ ከበስተኋላው ቆመው ስለነበር አንደበቷ ተሳሰረ።

«ማን ማን እንደሆነ ልንገርህ?»

«ስዕል ማንበብማ አያቅተኝም» አለ ኮራ ብሎ።

«የሴትዮዋን ፊት አደራ። ልብህ እንዳለህ ቀባት።» ይህን ብላ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ሄደች።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት አቡጀዲው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ተዘረጋ። አልታየች አየችና የያዘችው ወንበር ከእጇ ወደቀ።

የጉም ጌታ ጉንጩ ቀላ ብሎ፣ ሰማያዊ ካባ ደርቦ፣ ራሱ ላይ የወርቅ አክሊለ ብርሃን ተደፍቶለታል። መብረቂቱ አመድ መስላለች። ጥርሷ ቀይ፣ ጥፍሯ የሾለ፣ ከእግሯ ሥር እሳት ይንቀለቀላል።

ወልደአረጋይ ከአባቱ ጋር እየፈካ መጣ። «ወደዱት?»

«እንደዚህ ነው የማስጠላህ?» እንባዋ ግጥም ብሏል።

«እርስዎ? የት?»

«ይቺ ማን ናት?»

«ይቺማ… ሰይጣን ናት» አለ ግራ ተጋብቶ።

«እኔ ነኝ!»

ደመቀች ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ወልደአረጋይ አቡጀዲውን አየ፣ የአልታየችን አፍንጫ አየ፣ እንደገና አቡጀዲውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንድ ዓይን ነው እኮ ያላት!» ብሎ ጮኸ። «እኛ ዘንድ በጎን የሚሣል ክፉ ነው! ይሁዳም፣ ሰይጣንም አንድ ዓይን ነው የሚወጣላቸው። ጻድቅ ሁለት ዓይኑን ገልጦ ፊት ለፊት ያያል። ይሄኛው ደግሞ አፍጥጦ ሲያየኝ…»

«የጉም ጌታ ነው! ሰው ገደል የሚከት!»

«ወይኔ! ያለኝን ወርቅ በሙሉ ጨረስኩበት!»

አልታየች ልትስቅ ፈለገች፤ አልሆነላትም። «ልብህ እንዳለህ ቀባት ብዬህ ነበር።»

«ልቤ እንዳለኝማ ብቀባሽ ኖሮ…» «እርስዎ» ማለቱን ረስቶ «አንቺ» አላት። መሪጌታ በጉሮሯቸው እህህ አሉ።

ወላጆች በበሩ መግባት ጀምረዋል። ወልደአረጋይ ጋቢውን ወርውሮ ቀለሙን ሊያመጣ ሮጠ። ተመልሶም ለመጋረጃ የተዘጋጀውን ነጭ አቡጀዲ በስዕሉ ላይ ወጥሮ ከሰልና ብሩሽ አነሣ። አልታየች ፊቷን እንዲያይ ብላ አጠገቡ ቆመች። አንድ ጊዜም ዞር ብሎ አላያትም። እጁ ብቻ ይሄዳል። ከግራ ቅንድቧ በታች ያለችውን ጥቁር ነጥብ አስቀመጠ። ስትስቅ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብለውን ከንፈሯን አወጣ። እናቷ እንኳ ልብ የማትለውን፣ ግንባሯ ላይ የምታፈነግጠውን ጸጉር ጨመረ። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፊት ለፊት ተከፈቱ። ማን እንደሆነች ያላወቀ ወላጅ አልነበረም።

አልታየች ወደ ስዕሉ አንድ እርምጃ ቀረበች። እስከዛሬ ሲሸሽ የኖረው ዓይን ይህን ሁሉ መቼ ያዘው?

መሪጌታ ገብረአማኑኤል ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊት የሣሉ ሰው ናቸው። «ወልደአረጋይ» አሉ በቀስታ። «ልጅቷን ሳታያት ነው የሣልካት።»

«አዎ፣ አባቴ።» በአባቱ ፊት ቃል መልሶ አያውቅም ነበር። «ነገ አንኮበር ሽማግሌ አይላኩብኝ። እሷን ነው የምፈልገው።»

መሪጌታ «ወንበር» አሉ። ቀረበላቸው። ተቀመጡና በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አዩዋት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአቶ ጣሰው።»

«ጣሰው የማን ልጅ?»

«የይሁኔ።»

«ይሁኔስ?»

«የ… ኃይለ ገብርኤል።» እዚህ ላይ ልቧ ዘለለ። ይህ የሰላምታ ጥያቄ አይደለም። አያት ቅድመ አያት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው፤ ሁለቱ እስከ ሰባት ቤት እንዳይዛመዱ።

በዓሉን ሊያዩ የመጡት አባቷ አቶ ጣሰው ከወላጆች መካከል ተነሥተው መጡና እሷ ስትደናቀፍ ያግዟት ጀመር። «ኃይለ ገብርኤል የገብረ ሕይወት ልጅ ነው።»

መሪጌታ ቀና አሉ። «ገብረ ሕይወት? የሰላ ድንጋዩ? እሱማ የእኛም አያት ነው።»

ብሩሹ ከወልደአረጋይ እጅ ወደቀ። አልታየች የደመቀችን ክንድ ቆንጥጣ ያዘች።

«የለም፣ የለም» አሉ አቶ ጣሰው። «የእኛው የደነባው ነው። የሰላ ድንጋዩን በስም እንኳ አናውቀውም።»

ቆጠራው ቀጠለ። እስከ ሰባተኛው ቤት ድረስ መሪጌታ አንዱን ስም ሳይዘሉ እየጠየቁ፣ የራሳቸውን ወገን ጎን ለጎን በከንፈራቸው እያነበነቡ ሄዱ። ሲጨርሱ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«በዘር አንገናኝም» አሉ። «ባዕድ ናችሁ።»

አልታየችና ወልደአረጋይ ተያዩ። ደመቀች እልል አለች።