አልወርድ ያለው አፕ

«ስቶሬጁን ክፈቺና ስክሪንሹት አድርገሽ ላኪልኝ። ቦታውን ምን እንደያዘው ልየው።»

ምኞት ይህን ኢሜይል የጻፈችው በዕረፍት ሰዓት፣ ኖርዌይ ባለው ትምህርት ቤቷ መተላለፊያ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። የተጻፈላት ታላቅ እኅቷ ሐረገወይን ያለችው አዲስ አበባ፣ አክስታቸው ዋጋዬ ቤት ነው። የሐረግ ስልክ ወድቆ ጠጋኝ ጋ ሄዶ ሲመለስ፣ በውስጡ የነበረው ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቪዲዮ የሚደዋወሉበት አፕ አልጫን ብሏታል። ሌላም ሞክራ አልወረደም። የሚሠራላት ተራው ስልክና ኢሜይሉ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ፕሌይ ስቶር ገና ሲከፈት «መገናኘት አልተቻለም» ይላት ነበር። ምኞት ዋይፋዩን አስቀየረቻት፣ ስልኩን አጥፍታ እንድታበራው አደረገች፣ ስልኩ ያጠራቀመውን ካሽ አስጠረገቻት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ ሐረግ ከላከችላት ስክሪንሹት በአንዱ ላይ ቀኑን አየችና ብቻዋን ሳቀች። ጠጋኙ ዓመቱን የሞላው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስልኩ ስንት ዓመት ወደኋላ ቀርቶ ማን ይመነው? «ቀኑን ራሱ እንዲያስተካክል አድርጊው» ብላ ጻፈችላት።

ያን ቀን ማታ እናቷ እታለም ፀጉሯን አበጥራ፣ ደህናውን ሹራቧን ለብሳ ስልኩ ፊት ተቀመጠች። ሐረግ ግን በተራው ስልክ ደወለችና አሁን ደግሞ «መተግበሪያው አልተጫነም» እያለኝ ነው አለች። እታለም ሹራቡን ሳታወልቅ እራት አቀረበች።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከሩት የለም። ምኞት ፎቶዎችን አስጠፍታታለች፣ ስልኩን አፕዴት አስደርጋታለች፣ አካውንቷን አስወጥታ እንደገና አስገብታታለች። ሐረግም የተባለችውን ሁሉ እሺ እያለች «አሁንም እንቢ አለኝ» ብላ ትጽፋለች። እታለም ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ የምትጠይቀው «ተሠራ?» ብላ ነው።

ኢሜይሉ መልስ መጣ። ምኞት ምስሉን ከፈተች። ባዶው ቦታ ብዙ ነው፤ እንኳን አንድ አፕ አሥርም ይይዛል። ግራ ገብቷት ስልኩን አጠገቧ ለተቀመጠችው ጓደኛዋ ለኤሊ አሳየቻት።

ኤሊ አየት አደረገችና «ተጭኗል እኮ» አለች።

«ምኑ?»

«አፑ ነዋ። ከላይ እይው፣ ሰዓቱ አጠገብ። መልእክት ገብቶላታል።»

እውነቷን ነው። ከምስሉ አናት፣ ከሰዓቱ ቀጥሎ፣ የአፑ ትንሽ ምልክት ቁጭ ብላለች። ምኞት ጣቶቿን ዘርግታ ምስሉን አሰፋችው። ሌላ አፕ ይሆናል ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች። ከዚያ የራሷን አፕ ከፈተችና የሐረግን ስም ፈልጋ ቪዲዮውን ነካችው። ስልኩ ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ያልተጫነ አፕ እንደማይጠራ ምኞት ታውቃለች።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ወደ ክፍል ገቡ። ምኞት መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ብዙም ሳትቆይ ሐረግ በተራው ስልክ ደወለች።

«አይተሻል አይደል?» አለች፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። «ቀኑን ያስተካከልሽልኝ ዕለት ወዲያው ወረደ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን? እማዬ እኮ በየቀኑ ነው የምትጠይቀኝ።»

ሐረግ ቀስ እያለች ነገረቻት። ስልኩ ጠጋኙ ጋ በነበረበት ሰሞን ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ ተኝታለች። እናታቸው በቪዲዮ በደወለች ቁጥር ስልኩን እያዞረች ቤቱን ታሳያታለች፤ መስኮቱን፣ ውጪ ያለውን በረዶ፣ በመጨረሻም ከምኞት አልጋ ፊት ለፊት ባዶ የተተወውን ጥግ። «ይቺ ያንቺ ናት» ትላታለች። እታለም ሁለቱንም ልጆቿን በቤተሰብ ማገናኘት ልታስመጣ ስትደክም፣ ምኞት ልጅ ስለነበረች ወደ እናቷ መጣች፤ ሐረግ ግን አሥራ ስምንት ዓመት አልፏት ስለነበር ቀረች። እናታቸው እንደገና አመለከተች። በረዶው ሳይቀልጥ የመጨረሻው መልስ መጣ፤ አይሆንም። ከዚያም በኋላ እታለም ጥጉን ማሳየት አልተወችም።

«ከመደወሏ በፊት ፊቴን እታጠባለሁ» አለች ሐረግ። «መስታወት ፊት ቆሜ ፈገግ ማለት እለማመዳለሁ። ከዚያ ያምራል እላታለሁ። ደከመኝ፣ ምኞት።»

«እኛን ማየት ጠልተሽ ነው?»

«ጠልቼማ አይደለም። ድምፅሽን ስሰማ አጠገቤ ያለሽ ይመስለኛል። ሳይሽ ግን እዚያ መሆንሽን ነው የማየው።»

ምኞት እጅጌዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ሐረግ ለእማዬ እንዳትነግሪያት ብላ ለመነቻት። ምኞት እሺም እንቢም ሳትል ስልኩ ተዘጋ።

ማታ እታለም እንደተለመደው ተሠራ ወይ ብላ ጠየቀች። ምኞት «ስልኩ አርጅቷል መሰለኝ» አለቻት። ከአፏ የወጣላት እሱ ነው። እናቷ ግን ፊቷ በራ።

«እኔም እሱን አስቤ ነበር» አለች። አዲስ ስልክ ልትልክላት ወስናለች። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቋቸው ጋሽ ጥሩነህ በቅርቡ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄዱ ይዘውላት ይሄዳሉ። ለስልኩ መግዣ ደግሞ ቢየርቪካ ሰፈር በምታጸዳቸው ቢሮዎች ቫክት፣ የቅዳሜና እሑድ ተረኛ ሥራ፣ እንዲሰጧት አለቃዋን ጠይቃለች፤ አለቃዋም ሰኞ መልስ ትሰጣታለች። ይህን እየተናገረች የሚያማትን የቀኝ እጅ አንጓዋን በግራ እጇ ታሽ ነበር። ምኞት እጇን አየችና ያልጨረሰችውን ሳህን አንሥታ ወጥ ቤት ገባች።

ቅዳሜ መሀል ከተማ፣ ሴንትሩም፣ ወርደው የስልክ መደብር ገቡ። እታለም ለሥራዋ የሚያስፈልጋትን ያህል ኖርዌይኛ ትችላለች፤ ለዛሬው ግን ምኞት እንድትናገርላት ነው የፈለገችው። ከመደርደሪያው አንዱን ስልክ አነሳችና ጨርቅ እንደምትመርጥ ሴት በጣቷ ዳሰሰችው።

«ፊት አጥርቶ ያሳያል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አለች። «ከስታ እንደሆነ ልይ። ድምፅዋ ብቻውን ምንም አይነግረኝም።»

ምኞት ወደ ሻጩ ዞረች። ወጣቱ ሻጭ ፈገግ ብሎ ጠበቃት። ጥያቄው ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ብትጠይቀው አዎ ይላታል፣ እናቷ ስልኩን ትገዛለች፣ የዕረፍት ቀኗን ሁሉ ወለል ስታጸዳ ትውላለች፣ ስልኩም ባሕር ተሻግሮ ሐረግ እጅ ይገባል። ሐረግም ለአዲሱ ስልክ አዲስ ስሕተት መፍጠር ይኖርባታል።

ሻጩን ይቅርታ ጠይቃው ስልኩን ከእናቷ እጅ ወስዳ ቦታው መለሰችው። «እማዬ፣ ነይ እንውጣ» አለች።

እታለም ምን ሆንሽ፣ አሞሻል እንዴ እያለች ተከተለቻት። ምኞት እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ፈጠን እያለች መራቻት። ወደ ሰፈራቸው ወደ ሆልምሊያ የሚሄደው ባቡር የሚቆምበት ጋ አንድ አግዳሚ ወንበር አገኙና ተቀመጡ።

«ስልኩ ደህና ነው» አለች ምኞት። «አፑም አለ። ሐረግ ናት ያልፈለገችው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ጥጉ። ሐረግ እንዳትነግሪያት ማለቷንም አልደበቀችም። እያወራች የእናቷን ፊት አላየችም፤ ሐዲዱን ነበር የምታየው። ጨርሳ ቀና ስትል እታለም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። አታለቅስም። ብታለቅስ ኖሮ ምኞት እቅፍ ታደርጋት ነበር።

«እኔ እኮ የረሳናት እንዳይመስላት ብዬ ነው» አለች እታለም። «ጥጉን የማሳያት።»

ባቡሩ መጥቶ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ። ሁለቱም አልተነሡም።

«እኔስ ፊቷን የት ልየው?» አለች እታለም ደግሞ። ምኞትን የጠየቀቻት አይመስልም። ምኞት እጇን በእናቷ እጅ ላይ አደረገች፣ በሚያማት በኩል እንዳይሆን ተጠንቅቃ።

ባቡሩ ከሄደ በኋላ እታለም አፍንጫዋን ጠረገችና «ደውይላት» አለች። «በተራው።»

ምኞት ደወለች። ሐረግ ስታነሳ ድምፅዋ ፈራ ተባ ይላል። እታለም ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ሐረግዬ» አለች፤ «ዛሬ ምን በላሽ?»

ሐረግ መመለስ ጀመረች። ምኞት የምትለውን አትሰማም፤ እናቷን ነው የምታየው፣ አንዴ እህ ስትል፣ አንዴ አንገቷን ስትነቀንቅ። የሚቀጥለው ባቡር መምጣቱ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። እታለም በዓይኗ እንነሣ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ምኞት «አይ» በሚል ራሷን ነቀነቀችና ወንበሩ ላይ ይበልጥ ተደላድላ ተቀመጠች።