ያረረው ቆሽት

በ፲፱፻፳፩ ዓመተ ምሕረት፣ የጥር ፀሐይ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ገብታ የቀለም ብልቃጦቹን ስታሞቅ፣ ዋናው ጸሐፊ «ቆሽቴ አረረ» ብለው ጠረጴዛቸው ላይ ተደፉ፤ ከበታቾቻቸው ግን ቀና ያለ አልነበረም። ብዕር ቢዶለዱም፣ በር ቢንኳኳ፣ ቆሽታቸው የሚያርር ሰው ነበሩና፤ በሌሉበትም ስማቸው «ጋሼ ቱግ» ነበር።

ሕመሙ ከእንብርታቸው በላይ ተነሥቶ ጀርባቸውን እየወጋ ሳምንት ሙሉ አስታወካቸው፤ ከዚያ ተወት አደረጋቸው። በአምስተኛው ሳምንት ከደረታቸው በታች ተነፉ። ልብስ ሰፊዋ ሚስታቸው ወገባቸውን በሜትር ስትለካ በየቀኑ ይጨምራል፤ ክንዳቸው ግን ይከሳል። ፈራችና ወደ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው።

«ምንዎን ያምዎታል?» አለ ሐኪሙ።

«ቆሽቴ አረረ። ስንት ጊዜ ልናገር?»

«ይቅርታ ያድርጉልን ጌታዬ፤ አመላቸው ነው» አለች ሚስት።

ሐኪሙ እብጠቱን ዳሰሰ፤ በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ጠይቆ ሳምንታቱን ቈጠረ። «የለም እመቤቴ፤ ዛሬስ እውነታቸውን ነው። ቆሽታቸው ተቈጥቶ፣ ያመነጨው ውኃ ከጨጓራቸው ጀርባ ተጠራቅሟል።»

«የምቈጣው እኔ ብቻ መስሎኝ» አሉ ጸሐፊው።

«አሁኑኑ ይቅደዱልኝ» ሲሉ ግን ሐኪሙ እንቢ አለ፤ ውኃውን የያዘው ከረጢት ገና ስስ ነበርና። ቢፈነዳ ለሕይወታቸው ያሰጋል፤ ቸኩለው ቢቀዱት ደግሞ ስፌት አይዝም።

«ስስ ጨርቅ ክር አይችልም» አለች ሚስት፤ ነገሩ ከሁሉም ይልቅ ለእርሷ ገባት።

ሁለት ሳምንት ተኝተው ጠበቁ፤ በዕድሜያቸው ሙሉ እንዲያ ታግሠው አያውቁም። እርሷም ጠዋት ጠዋት እየለካች፣ ፈገግ እያለች፣ ከበር ውጭ ታለቅስ ነበር። ከዚያ ሐኪሙ በማደንዘዣ አስተኝቶ ሆዳቸውን ከፈተ፤ ወፍሮ የጠበቀውን ከረጢት ከቈዳቸው ጋር ሰፍቶ የጎማ ቱቦ አስገባበት። ሁለት ሊትር ጠይም ውኃ ወጣ፤ ቱቦውም ውኃው እስኪደርቅ ድረስ ብዙ ቀን ቆየ።

ሊወጡ ሲነሡ ሱሪያቸው እግራቸው ላይ ወረደ። ሚስታቸው ሜትሯን ጥላ ሳቀች፤ እርሳቸውም ሱሪያቸውን እንደያዙ አብረው ሳቁ፤ ደስታው ዕንባ አስመጣባቸው።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ሹመትና ሽረቱን ጻፉ እንጂ ይህን ሳቅ አልሰሙም። ከጋሼ ቱግ የቀረው በሐኪም ቤቱ መዝገብ ያለች አንዲት መስመር ናት፤ የመዝጋቢው እጅ ጽሑፍ ቢያናድዳቸው ራሳቸው የጻፏት፤ «ቆሽቱ አርሮ መጣ፤ ውኃው ተቀድቶለት ዳነ።» «አርሮ» ከሚለው በላይ ግን፣ በደቃቅ ፊደል፣ «በእውነት» የምትል ቃል ገብታለች።