የጠፈርተኛው ልጅ

«አሁን ልጁ ትደውልለታለች» አለች ፅዮን፣ ፋንዲሻ በያዘ እጇ ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆመች። «እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ።»

ካቪያ ዞር ብላ አየቻት። «የማን ልጅ?»

«የጠፈርተኛው ነዋ! የማራን!»

«ማራን እኮ ልጅ የለውም።»

ፅዮን ሳቀች። ካቪያ ቀልድ ስለምትወድ እየቀለደች መስሏት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሮውሌት ከተማ፣ ካቪያ ቤት ሳሎን ውስጥ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሶፋው ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የሚያዩት በታሚል ቋንቋ የተሰራ የህንድ ፊልም ነው። ማራን የተባለው ጠፈርተኛ ባልደረቦቹ አልቀውበት መንኮራኩሩ ውስጥ ብቻውን ቀርቷል፤ የሚተነፍሰው አየርም እየተሟጠጠ ነው። በመስኮቱ ከጨለማ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

ሬዲዮኑ ተንጫጫና የሴት ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ለስላሳ ድምፅ። ፅዮን ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ይህን ቦታ በአማርኛ በቃሏ ታውቀዋለች። ማራን «ልጄ፣ ዛሬ ምን በላሽ? ማን ጋ ተቀመጥሽ?» ይላል። ልጅቷ ደግሞ «ብቻዬን። ግን ላንተ ወንበር ይዤልሃለሁ» ትለዋለች።

ከስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን ሌላ ነገር ይላል። ሦስተኛውን ቫልቭ ዝጋ። አራተኛውን ክፈት። አትፍራ፣ እመነኝ።

«ይቺ እኮ ገዳይዋ ናት» አለች ካቪያ። «ምድር ላይ ቁጭ ብላ አየሩን በገዛ እጁ እንዲያስወጣ ታደርገዋለች። የፊልሙ ዋና ነገር እሱ ነው! አሥራ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ አላልሽም እንዴ?»

ፅዮን ወደ ስክሪኑ ዞረች። ማራን እያለቀሰ የሬዲዮኑን ገመድ በጥሶ ሲጥለው አየች። እሷ የምታውቀው ማራን «በይ ሂጂ ተኚ፣ ነገ ትምህርት አለሽ» ብሎ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ነው ገመዱን የሚነቅለው። ፋንዲሻው አፏ ውስጥ ካርቶን ካርቶን አላት።

ያን አማርኛ የሰራው አባቷ ነው። አባቷ በየነ፣ ሐዋሳ ሳለ ፊልም ተርጓሚ ነበር። ማይክ ፊቱ አስቀምጦ የጀግናውንም፣ የሽፍታውንም፣ የሙሽራዋንም ድምፅ ብቻውን እያወጣ የህንድ ፊልም ወደ አማርኛ ይመልሳል። ቪዲዮ ቤቶቹ የእሱን ትርጉም ይሻሙበት ነበር። መንገድ ላይ ልጆች «ተርጓሚው! እስቲ እንደ ሽፍታው ሳቅ!» ሲሉት ይስቅላቸዋል። ይህን የጠፈር ፊልም «ሰማይ ቤት» ብሎ ስም አውጥቶለት፣ ፅዮንም ዲላ አክስቷ ብርቅነሽ ቤት ሆና በፍላሽ ደጋግማ አይታዋለች። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞተች ያደገችው እዚያ ነው። አባቷ ቋንቋውን አያውቅም ብላ አንድም ቀን ጠርጥራ አታውቅም።

ዲቪ ደርሷቸው ሮውሌት ከመጡ ወዲህ ግን በየነ ድምፁ ጠፍቷል። ፎርት ዎርዝ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል። በሥራ ቀን እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሱ ወጥቷል። ፍሪጁ ላይ «ሩዝ አለ፣ አሙቂ» የሚል ወረቀት ትቶላት ይሄዳል። እሷም ሩዙን እያሞቀች ከማይክሮዌቩ ጋር አብራ ትቆማለች፤ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤትም ያው ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ምሳዋን የበላችው ከለስላሳ መሸጫው ማሽን አጠገብ፣ ብቻዋን ነው። እዚያ ጥግ ማንም አያያትም፣ ማንም አይገፋትም፤ ማንም አይፈልጋትም። ከአምስት ሳምንት በፊት ግን አንዲት ልጅ ከማሽኑ ውሃ ልትገዛ መጣች። በእጇ የያዘችው ኮዳ ላይ የተለጠፈው ስቲከር የማራን ፊት ነበር። ፅዮን ሳታስበው አፏ አመለጣት፦ «ይሄን ፊልም እኮ አሥራ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ!» ልጅቷ ካቪያ ነበረች። ጮኸች፣ ዘለለች፤ ዕቃዋን ይዛ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ፅዮንም ደስታው ራሷ ላይ ወጣና ጨመረችበት፦ «አባቴ ታሚል ያውቃል። ይሄን ፊልም የተረጎመው እሱ ነው።»

እና አሁን የካቪያ እናት የሙዝ ቺፕስ በሳህን ይዘው ከኩሽና ብቅ አሉ። «አባትሽ ሲመጣ ውጭ እንዳትተዪው» አሏት። «ሻይ ጥጃለሁ። ሮውሌት ውስጥ ታሚል የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ! ለባለቤቴ ነግሬው አላመነኝም።»

የፅዮን ስልክ ጮኸ። «ደረስኩ፣ ውጭ ነኝ» ይላል መልእክቱ። እናትየው እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ ወደ በሩ አመሩ።

ፅዮን በመስኮት አየችው። አሮጌዋን መኪና ጥላ ሥር ፓርክ አድርጎ፣ ቅዳሜም ሥራ ውሎ ብርቱካንማ ሰደርያውን እንኳ ሳያወልቅ ተቀምጧል። እዚህ በር ላይ ቆሞ፣ በታሚል ሲያዋሩት እየሳቀ አንገቱን ሲነቀንቅ ታያት። ያኔ ካቪያ ታውቃለች፤ እናቷም ያውቃሉ። ሐዋሳ ላይ በየመንገዱ የሚጠሩት ሰውዬ እዚህ በር ላይ ውሸታም ሊባል ነው።

«አያውቅም!» አለች።

እናትየው መለስ አሉ። «ምን አልሽኝ?»

«አባቴ ታሚል አያውቅም። ተርጓሚም አልነበረም። እኔም ፊልሙን አላየሁትም። ዋሽቼ ነው።»

ካቪያ ቀስ ብላ ከሶፋው ተነሳች። አምና አንዲት ጓደኛዋ «አሞኛል» ብላት የሌላ ልጅ ልደት ላይ ተገኝታ ነበር። ካቪያ እስከ ዛሬ አታናግራትም። ይህን ለፅዮን የነገረቻት ራሷ ናት።

«አምስት ሳምንት ሙሉ?» አለች ካቪያ። «ሲሪየስሊ? እኔ ደግሞ የእውነት ጓደኛ አገኘሁ ብዬ።»

ፅዮን ጫማዋን በደንብ እንኳ ሳታስር ወጣች። መኪናው ውስጥ አባቷ «እንዴት ነበር?» አላት፤ «ጥሩ» አለችው። እስከ ቤት ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ከመንገዱ ዳር ያለውን ሐይቅ ስታይ ሄደች።

እሑድ በየነ ኦፍ ነው። ከቅዳሴ መልስ የሳምንቱን ልብስ ይዘው የአፓርትመንቱ ላውንድሪ ወረዱ። ማድረቂያው ይሽከረከራል፤ እሱ ካልሲ ያጣምራል፣ እሷ ፎጣ ታጥፋለች። ፅዮን አንዱን ፎጣ ሦስት ጊዜ አጥፋ ሦስት ጊዜ ፈታችው።

«አባ፣ ታሚል ታውቃለህ?»

«ምን?»

«ታሚል። የ‹ሰማይ ቤት› ቋንቋ።»

«እሱማ ህንድኛ ነው።»

«ህንድኛ የሚባል የለም። ህንዲ ሌላ ነው፣ ታሚል ሌላ ነው። አንዱን የሚያውቅ ሌላውን አይሰማም።»

በየነ ካልሲውን አስቀመጠ። ሊስቅ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ተወው። «ህንዲዋንም እኮ ከፊልም ነው የለቀምኳት» አለ። «ያን ፊልም ሲያመጡልኝ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሄድ ጉድ ፈላ። አንዲት ቃል ብትገባኝ! ፖስተሩ ደግሞ ተለጥፏል፣ ባለቤቱ ለነገ ጠዋት ይፈልገዋል። ሶ ምን ላድርግ? ማለቴ፣ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ዝም ልበል?»

«ያቺ ሴትዮ ገዳይ ናት፣ አባ!»

«የቷ ሴትዮ?»

«ልጁ ያደረግሃት!»

በየነ አፉን ይዞ ማድረቂያው ላይ ተደገፈ። «በናትሽ! ገዳይ?» ሳቁ አመለጠው፤ ሮውሌት ከመጣ ወዲህ ከሳቃቸው ሳቆች ሁሉ ይሄኛው የሐዋሳውን ይመስላል። ፅዮን ግን አልሳቀችም። እንባዋ ፎጣው ላይ ጠብ ሲል ሳቁ ቆመ።

ሁሉንም ነገረችው። ኮዳውን፣ ሻዩን፣ በሩን። «አንተን እንዳያዋርዱህ ብዬ ነው» አለች። «ጓደኛዬ እሷ ብቻ ነበረች።»

የአንድ ሰው ልብስ ማሽኑ ውስጥ ይንኳኳል፤ ኪሱ ውስጥ ሳንቲም ረስቶ ይሆናል።

«ለምን ልጁ አደረግካት?» አለች ፅዮን።

«ድምጿ ቀጭን ነበር። ሰውየው ደግሞ ብቻውን ነው፣ ያለቅሳል።» ሰደርያውን አንስቶ ያለ ምክንያት አራገፈው። «ያን ሰሞን የአክስትሽ ስልክ ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ድምፅሽን አልሰማሁም። ሐዋሳ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ እኔና ማይኩ ብቻ። ሰውየው አፉን ሲከፍት፣ አንቺን ልጠይቅሽ የምፈልገውን አስጠየቅኩት። ሌላ ምን እንደምል አላውቅም ነበር፣ ፅዮኔ።»

ፅዮን ፎጣውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። «እኔ እኮ እመልስልህ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «‹ዛሬ ምን በላሽ?› ስትል ቴሌቪዥኑን ሽሮ እለዋለሁ፣ ፓስታ እለዋለሁ። አክስቴ ‹ይቺ ልጅ ልታብድ ነው› ትል ነበር።»

በየነ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «አሁንስ?» አለ። «ትምህርት ቤት ምሳ ማን ጋ ነው የምትቀመጪው?»

እዚህ ከመጡ ጀምሮ ጠይቋት አያውቅም። ቢጠይቃትም «ከልጆች ጋ» ለማለት ተዘጋጅታ ነበር።

«ሰባት ወር ብቻዬን። ከዚያ ካቪያ ጋ። ከነገ ጀምሮ ደግሞ እንጃ።»

«እኔ መጥቼ ልንገራቸው? እናቷንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። አላፍርም።»

«አይ» አለች ፅዮን። ከዚያ ትንሽ አሰበችና «የ‹ሰማይ ቤት› ፋይል አሁንም አለህ?» አለችው።

በየነ ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ።

ሰኞ ምሳ ላይ ካቪያ ከማሽኑ ራቅ ብላ ተቀምጣ ነበር፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣበታለች። ፅዮን አልተጠጋችም። የድሮ ጥግዋ ሄዳ፣ ከማሽኑ ጉርምርምታ ጋር ሳንድዊቿን በላች። ወንበሩ ትናንት የተነሳችበት ይመስል ነበር። እዚህ ብትቀመጥ ማንም ምንም አይጠይቃትም፤ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንኳ ብትቀመጥ። የሚያስፈራትም ይኸው ነው፣ መልመድ እንደምትችል ታውቃለች።

በትምህርት ሰዓት ስልክ ማውጣት ክልክል ስለሆነ እስከ መውጫ ጠበቀች። ደወሉ ሲደወል ካቪያ እናቷን የምትጠብቅበት አግዳሚ ላይ አገኘቻት። ቦርሳው እዚህም አጠገቧ ተቀምጧል። የአውቶቡስ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ዙሪያውን ሞልተውታል።

«ቅዳሜ ዋሽቼሻለሁ» አለች ፅዮን።

«ነግረሽኛል እኮ።» ካቪያ ቀና አላለችም።

«አይደለም። ውሸቱ ‹አላየሁትም› ያልኩት ነው። አይቼዋለሁ። አባቴም ታሚል አያውቅም፤ ግን ተርጉሞታል።»

ካቪያ አሁን ቀና አለች። «ሳያውቅ እንዴት ይተረጉማል?»

ፅዮን ስልኳን አውጥታ አባቷ ከላከላት ፊልም ላይ ቦታውን ፈለገች፤ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ዘረጋችላት። ካቪያ ትንሽ አመንትታ ተቀበለችና ጆሮዋ ውስጥ አደረገችው። ማራን በትንሿ ስክሪን ላይ ያለቅሳል። የበየነ ድምፅ ወፍሮ መጣ፣ ከዚያ ቀጠነ፣ እንደገና ወፈረ።

«ስንት ሰው ነው የሚያወራው?»

«አንድ ሰው። አባቴ ነው።»

«ሴቷንም?»

«ሴቷንም።»

ካቪያ ቅንድቧን አነሳች። ገና ይቅር አላለችም፤ ማዳመጫውን ግን አላወለቀችም። «ምንድን ነው የሚለው?»

ፅዮን ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው። እንግሊዝኛዋ እንኳን ለፊልም፣ ውሃ ለመጠየቅም አንዳንዴ ያጥራታል። አጠገባቸው የቆሙት ሁለት ልጆች ዞር ብለው ያዩዋት ጀመር። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አባቷም ማይክ ከመያዙ በፊት እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

«‹ልጄ፣ ዛሬ ማን ጋ ተቀመጥሽ?› ነው የሚላት» አለች፣ ድምፅዋን እስከቻለች አወፍራ።

ልጆቹ ሳቁ። ካቪያ አልሳቀችም። «እሷስ ምን አለችው?» ብላ ቦርሳዋን ከአግዳሚው አንስታ እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

ፅዮን ተቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን አቅጥና የልጅቷን ተራ ጀመረች።