የሐጂ ሙጠሊብ ሲጋሮች

ጫቱ ሊገባ ነው። ማዕከላዊ ገበያ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ መንገዱ አስግጓል። የጫቱ መኪና ጥሩምባ እስኪሰማ ድረስ ጅቡቲ ሌላ ነገር አይታያትም። ዕቃ ለመቀባበል ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም።

ሚናስ ሎሚ ይመርጣል። አንድ ሰው አጠገቡ ቆመ። ሚናስ ቀና ብሎ አላየውም።

«ሎሚው ጠንካራ ነው» አለ ሰውየው።

«ሲያሹት ይለሰልሳል።»

ምልክቱ ትክክል ነው። ሰውየው «ዋርካ» ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ደሳለኝ ነው፤ የሚናስ አለቃ። ከጥፍር የማትበልጥ ድምፅ መቅጃ ከሎሚዎቹ ጋር ሚናስ ፌስታል ውስጥ ገባች።

«የት ታስገባታለህ?»

«የሲጋር ሣጥኑ ክዳን ላይ ክብ የእርጥበት መለኪያ አለ። ከሱ ጀርባ።»

«ኒዛር ሐሙስ ይመጣል። ሣጥኑ ይደርሳል?»

«ካላስቸኮልከኝ።»

«ውሃ እርጭበትና ጨርሰው! ትምባሆ እኮ ነው።»

«በአንዴ የራሰ ሲጋር ይፈነዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

ኒዛር ጀልባ አለው። ከሐረርጌና ከወሎ የሚመጡትን ልጆች ባሕር የሚያሻግረው እሱ ነው። ያሻግራል ማለት እንኳ ይከብዳል፤ የመጨረሻዋ ጀልባው ማንንም አላሻገረችም። አሁንም ከተማው ውስጥ የሆነ ቦታ ሰው ቆልፎ አስቀምጧል። ዓርብ ይጭናቸዋል። ቦታው ከታወቀ ይተርፋሉ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ሚናስ። «የሣጥኑን ባለቤት ሐጂ ሙጠሊብን ተዉልኝ። ለኒዛር የሚያውሱት የሚቀመጥበትን ቤታቸውን ብቻ ነው። ምንም አያውቁም።»

«ወደድካቸው እንዴ?» ደሳለኝ ሳቀ። «ወይስ ልጃቸውን?»

ጥሩምባው ጮኸ። ገበያው ተተራመሰ። ሚናስ ዞር ሲል ዋርካ የለም።

ሐጂ በሚኖሩበት ሰፈር፣ ካርቲየ ሰባት ውስጥ፣ ሚናስ የሚባል ሰው አይታወቅም። እዚያ ከይረዲን ነው፤ ሰላቱን የማያዛንፍ የድሬዳዋ አናጢ።

ወደ ቤቱ ያስገባችው የሐጂ ሙጠሊብ ልጅ ሁዳ ናት። እናቷ ዓቢዳ በሕይወት ሳለች ለባሏ የሲጋር ሣጥን ገዝታላቸው ነበር። ሐጂ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ክዳኑን ነክተውት አያውቁም። ለዓመታት የማቀዝቀዣው፣ የክሊማው፣ ደረቅ አየር ከላይ እየነፈሰበት ሲጋሮቹ ሲነኳቸው የሚንኮሻኮሹ ሆነዋል።

«አንዴ እንኳን ሲያጨስ ባየው» አለችው ሁዳ። «እማዬ ከሞተች ስሟን አይጠራም። ትሰማኛለህ? ስሟን!»

የሚናስ የስለላ መሥሪያ ቤት ሁዳ አናጢ እንደምትፈልግ ሰምቶ ነው እሱን የላከው። ሐጂና ኒዛር የሚነጋገሩት ማብራዙ ውስጥ ነው፤ ምንጣፍ ተነጥፎ ጫት የሚቃምበት ክፍል። ስልክ አይገባበትም። ይህ ሣጥን ግን ይገባል።

ሥራው የማስመሰል አልነበረም። ሲጋሮቹን አውጥቶ በለስላሳ ብሩሽ አቧራቸውን ጠረገ። የሣጥኑን የዝግባ ሽፋን በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፋቀ። ክዳኑ ጥርቅም እንዲል ማጠፊያዎቹን አጠበቀ። ከፋርማሲ በገዛው የተጣራ ውሃ ስፖንጅ አርሶ ባዶው ሣጥን ውስጥ ዘጋበት። አስቀድሞ እንጨቱ ይጠጣ፤ የተጠማ እንጨት የሲጋሩን ወዝ ይመጥጣል። ከዚያ ሲጋሮቹን መለሰ። መጀመሪያ ከስፖንጁ አራቃቸው፤ እያደር አቀረባቸው። በየጥዋቱ አገላበጣቸው።

ሁዳም ማገላበጥ ለመደች። አንድ ጥዋት ሣጥኑ ውስጥ ጣቶቻቸው ተነካኩ። ማናቸውም ቶሎ አላነሱም።

ወይ ጉድ! ሰላይ እንዲህ አይሆንም፤ እሱም ያውቀዋል። ልብ ግን መቼ ትእዛዝ ሰምቶ ያውቃል?

ረቡዕ ዕለት የመለኪያው መስታወት በእንፋሎት ታፈነ። ጀርባው ላይ ውሃ አዝሏል። እዚያ ብትገባ መቅጃዋ አንድ ቀን አታድርም። ሚናስ ሣጥኑን ገልብጦ አንደኛዋን እግር ፈታ፤ በስተውጭ ስለሆነች ደረቅ ናት። ውስጧን ፈለፈለና መቅጃዋን ቀበራት። ለዋርካ አልነገረውም። ጠርጥሮት አይደለም፤ ከሐሙስ በፊት ሌላ ቀጠሮ አልነበራቸውም።

ሐሙስ ከሰዓት ኒዛር ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። ከይረዲን ሣጥኑን በሁለቱ መሃል አስቀመጠ። ሐጂ ክዳኑን ከፈቱ። የዝግባና የማር ሽታ ክፍሉን ሞላው። አንዱን ሲጋር አንስተው በጣታቸው ጫን አሉት። ለስላሳ ነው፤ አልተሰነጠቀም። ለኮሱት።

«ዓቢዳ…» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ዓቢዳዬ።»

ኒዛር ሲጋር አላነሳም። ሣጥኑን ወደ ራሱ ጎተተና ከኪሱ ቢላ አወጣ።

ቢላው በቀጥታ ወደ መለኪያው ሄደ።



የመለኪያውን ምስጢር የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ዋርካ!

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ሸጦታል። ከሎሚው ገበያ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሸጦታል።

ኒዛር መለኪያውን ፈልቅቆ ጉድጓዱን በጣቱ ዳበሰ። ምንም የለም። እንደገና ዳበሰ።

«አቦ፣ ምን ሆነሃል?» ሐጂ ጮኹ። «የሟች ሚስቴን ዕቃ በቢላ?»

«አንድ ወዳጄ ይህን አናጢ ፈትሸው ብሎኝ ነው፣ ሐጂ። አፉ በሉኝ።»

«ከይረዲንን? እኔ ሽማግሌ ላክ ልለው ነው፤ አንተ ቢላ ትመዝበታለህ?» ወደ ሚናስ ዞሩ። ጭሱ ፊታቸውን ሸፍኖታል። «ሰማህ ልጄ? ሽማግሌ ላክና ሁዳን ጠይቀኝ። ወላሂ፣ እምቢ አልልህም።»

«እሺ ሐጂ።»



«በል አሁን ተወን። የምንነጋገረው አለን።»

ኒዛር ከሄደ በኋላ ሚናስ መለኪያውን ልመልሰው ብሎ ሣጥኑን ግቢው ውስጥ ወደተሰጠው ክፍል ወሰደ። በሩን ቀረቀረ። እግሯን ፈታ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ።

ብርጭቆ ሲቀመጥ፣ ሳል፣ የቅጠል ኮሽታ። ከዚያ የኒዛር ድምፅ።

«ነገ ሲመሻሽ እጭናቸዋለሁ።»

«ቶሎ አንሳልኝ።» ሐጂ ናቸው። «አሮጌው የጨው መጋዘኔ ውስጥ ሲያለቅሱ ዘበኛው ይሰማል። አንዷ ታማለች አለኝ።»

«ውሃ ስጧቸው።»

«ሰጥቻለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ሚናስ መልሶ ሰማው። ሐጂ ያውቃሉ። የሚያውቁ ብቻ አይደሉም፤ ቁልፉ እሳቸው እጅ ነው። ደግ ሽማግሌ ናቸው ብሎ ለአለቃው ዋስ ሆኖላቸው ነበር። ደጎችም ናቸው እኮ! የሚያቃጥለውም ይኸው ነው።

ቢቆርጠውስ? የሐጂን ድምፅ አውጥቶ የኒዛርን ብቻ ቢሰጥ? ኒዛር ግን ቦታውን አልተናገረም። ቦታው ያለው በሐጂ አፍ ውስጥ ብቻ ነው። እሳቸውን ካዳነ እነዚያ ይሰምጣሉ።

በሩ ተንኳኳ። መቅጃዋን ኪሱ ከቶ ከፈተ።

«አባቴ ያለህን በር ላይ ሆኜ ሰማሁ» አለች ሁዳ፣ ሳቋን እየዋጠች። «ስሚ ያለኝ የለም፣ ራሴው ነኝ። ማንን ትልካለህ?»

«ድሬ አጎት አሉኝ።»

«ሳል የማያበዙ ይሁኑ። አባቴ ሽማግሌ ሲስል ይስቃል።» ቀና ብላ አየችው። «ምነው፣ ከፋህ?»

«ደስ ብሎኝ ነው።»

«እንዲህ ነው ደስታህ? ጉድ ፈላ በለኛ!»

ሊነግራት አፉን ከፈተ። የታመመችውን ልጅ አሰበ። አፉን ዘጋ።

«ሙጫ ልገዛ ወጣ ልበል» አላት።

«ለእራት ድረስ።»

አልደረሰም።

አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር ጥግ ኤሌኒ ቆማለች። የፈረንጅ ቤት ሠራተኛ ናት ይሏታል፤ የገበያ ዘንቢል ይዛለች። እሷም እንደሱ ሰላይ ናት። ዋርካ ሳያውቅ ከበላይ አለቃቸው ጋር የምትገናኘው እሷ ብቻ ናት።

«ዋርካ ከድቷል» አላት። «ይህችን መቅጃ በእጅሽ ለትልቁ ሰውዬ ስጪ።»

«ሁሉም አለበት?»

«አለበት።»

«የሽማግሌው ድምፅም?»

ሚናስ መቅጃዋን ዘንቢሉ ውስጥ ጣላትና ሄደ።

የከባድ መኪና ሾፌሮች ሰፈር፣ ፔካ ዱዝ፣ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተደበቀ። ኤሌኒ የመጣችው ነገሩ ከበረደ በኋላ ነው። አዲስ መታወቂያ ይዛለታለች።

«ከመጋዘኑ ሁሉም በሕይወት ወጡ» አለችው። «የታመመችውም ድናለች። ኒዛር ተይዟል። ዋርካንም ሻንጣ ሲያዘጋጅ አገኙት።»

«ሐጂስ?»

«ታስረዋል።»

«ሁዳ?»

ኤሌኒ ዓይኗን ከሱ አነሳች።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«እስር ቤቱ በር ላይ ናት። በየቀኑ፣ ሁለት ምሳ ዕቃ ይዛ።»

«ሁለት?»

«አንዱ ላባቷ፣ አንዱ ላንተ። አንተም አብረህ የታሰርክ መስሏታል።»

ሚናስ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እውነቱን ይንገሯት። ሰላይ ነበር ይበሏት። ትጥላኝ። ቢያንስ ምሳ አትሸከም።»

«አባቷ እምቢ አሉ።»

«እሳቸው ያውቃሉ?»

«ቅጂውን አሰምተዋቸዋል። የቀዳሃቸው አንተ መሆንህን ሲሰሙ ብዙ አለቀሱ አሉ። ከዚያ መርማሪውን ለመኑት፤ ልጄ እንዳትሰማ፣ እናቷን ቀብራለች፣ ይህንን አትችለውም ብለው። አሁን ሁለቱንም ምሳ ዕቃ ይቀበላሉ። ባዶውን ይመልሱና ዘበኛውን ‹ከይረዲን ጥሩ በልቷል በልልኝ› ይሉታል።»

ሚናስ መሬት ላይ ተቀመጠ። እንደ ልጅ አለቀሰ፤ አላፈረም። ኤሌኒ ትከሻውን ያዘች።

በማግስቱ አንድ ሾፌር ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስ ባዶ መኪናው ላይ አሳፈረው።

«ስምህ ማነው ወንድሜ?»

መታወቂያውን አወጣና አየው።

«ዘሩ» አለ።

«ዘሩ፣ ርቦሃል? ድንበሩ ጋላፊ ሳንደርስ የምንቆምበት የለም።»

«አልራበኝም።»

መኪናው ሲነሳ ምሳ ሰዓት ሆኖ ነበር።