የሚስተር ትራንተር የኮምፍሪ መደብ

ሄቲ ትራንተር ፖሊስ ጣቢያ ደውላ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አጎቴን ገድዬዋለሁ፤ ኑና ውሰዱኝ።»

ኢንስፔክተር ማርጀሪ ሃውከር ኔዘርሎው መንደር ስትደርስ ሽማግሌው ሴፕቲመስ ትራንተር ከኩሽናው ምድጃ አጠገብ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሕይወታቸው አልፎ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተጠጣ የቅጠል ሻይ ቀርቷል። የሃያ ሁለት ዓመቷ የወንድማቸው ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ አልቅሳ አልቅሳ ፊቷ አባብጧል።

«ገድዬዋለሁ ያልሽው ምን ማለትሽ ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ቅጠሉን የቀጠፍኩት እኔ፣ ሻዩን ያፈላሁት እኔ! ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰው፣ መብራቱ ዙሪያውን ቢጫ ሆኖ ታየኝ ሲለኝ፣ ጉንፋን ነው ብዬ ደግሜ አጠጣሁት።»

ቅጠሉ ኮምፍሪ የተባለ ሻካራ ተክል ነው፤ የእኛ መንደር ሰው በእሱ የማይሆን ነገር ያለ አይመስለውም። ቅጠሉን ለማዳበሪያ ድንች ስር ይቀብራል፣ በርሜል ውስጥ አበስብሶ ለቲማቲሙ ያጠጣል፤ ያ በርሜል ሲከፈት ግማሹ መንደር መስኮቱን ይዘጋል። ለወለምታም ይለጥፈዋል። መጠጣቱን እንኳ ዶክተሩ «ለጉበት አይሆንም» ብሎ ትራንተርን ከልክሏቸው ነበር፤ ግን በኮምፍሪያቸው ማን ደፍሮ ይናገራቸዋል? ግትር ነበሩ። ደግሞም ስስታም፦ ቄሱ ሦስት ጊዜ የሚተክሉት ሥር ለምነው ሦስት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

ሃውከር ወደ ጓሮ ወጣች። ኤፕሪል ስለነበር የኮምፍሪ መደቡ ገና በለጋ ቅጠል መሸፈኑ ነው። ተንበረከከችና ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። ይሄ ሻካራ፣ ያም ሻካራ። አራተኛው ላይ እጇ ቆመ። ለስላሳ ነው፤ ጠርዙም ጥርስ ጥርስ አለው። ፎክስግላቭ! የልብ መድኃኒት የሚቀመምበት፣ በሻይ መልክ ግን ልብን የሚያቆም ተክል። መደቡ ውስጥ ሦስት እግር አገኘች።

አለቃዋ በስልክ ብዙም አልተጨነቀም። «ልጅቱ አምናለች፤ ቤቱን የምትወርሰውም እሷ ነች። ነገ ይዘሻት ነይ።»

«እስከ ነገ ከሰዓት ስጠኝ» አለችና ዘጋችው። ከዚያ ወደ ሄቲ ዞረች። «መቼ ነው እዚህ የመጣሽው?»

«ማርች ሃያ አምስት። ዓይኑን ሞራ ስለሸፈነው ልረዳው ነው የመጣሁት። እንደምመጣ ለመላው መንደር ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ሲያወራ ነበር አሉ።»

«ስትቀጥፊ ልስላሴው አልታወቀሽም?»

«በጓንት ነው የምቀጥፈው። እጄን ያሳክከኝ ስለነበር ሚስተር ኮፕስቴክ ወፍራም የላስቲክ ጓንት ሰጡኝ። ፋርማሲስቱ፣ እዚህ ጎረቤታችን። ገንዘብም አልተቀበሉኝም።»

«ደግ ሰው ናቸው» አለች ሃውከር፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አይነበብም።

ቤቱን ከሚያዘወትሩት አንዷ ፖስታ አመላላሿ ዶሪን ቬዚ ነበረች። ጀሶ የታሰረ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ተቀበለቻት።

«አትነሺ» አለች ሃውከር።

«ልነሳስ ብል! በጃንዋሪ መጨረሻ መኪና ከኋላዬ መጥቶ እግሬን ሁለት ቦታ ሰበረኝ፤ ውልቅ ብሎ ሄደ። በክራንች ካልሆነ ሽንት ቤት እንኳ አልደርስ። ሴፕቲመስ የኮምፍሪ ሥር ፈጭቶ የተጋጋጠ ክንዴ ላይ እየለጠፈ "ያንን ሰውዬ ሳላገኘው አልሞትም" ይለኝ ነበር።» ክራንቿን ወደ ራሷ ሳበች። «አገኘውም እኮ! "እስከ ፋሲካ ቀጠርኩት፤ ራሱ ሄዶ ቢናገር ይሻለዋል" አለኝ። ማን እንደሆነ ብለምነው ብለምነው እምቢ አለኝ።»

ፋሲካ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ሌስሊ ኮፕስቴክ ኢንስፔክተሯን የተቀበላት በጽጌረዳዎቹ መሃል ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ ንጹሕ፤ አፈር ነክቶ የሚያውቅ አይመስልም።

«ምስኪን ሴፕቲመስ» አለ። «ያን ያህል ጊዜ መክሬያቸው ነበር። ልጅቷም ከከተማ የመጣች ናት፤ ቅጠል ከቅጠል አትለይ። አትጨክኑባት።»

«እርስዎ ኮምፍሪ የለዎትም?»

«እኔ? ያን አረም? አጥሬን አታልፍም! የሳቸውንም ጓሮ ከገና ወዲህ ረግጬ አላውቅ።»

«ጋራዡ ባዶ ነው። መኪናዎስ?»

«ሸጥኩት። በእግር መሄድ ለልብ ጥሩ ነው።»

ሃውከር የጫማዋን ክር እንደምታስር ጎንበስ አለች። ከጽጌረዳው ስር ሦስት ለጋ ቅጠሎች ብቅ ብለዋል። አንዱን ነካ አደረገችው፤ ሻካራ ነው። አመስግናው ሄደች፤ እስኪመሽም ስልክ ላይ ቆየች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሁሉም በትራንተር ኩሽና ተሰበሰቡ። ሄቲ ካፖርቷን ለብሳ ሻንጣዋን አጠገቧ አስቀምጣለች፤ እስር ቤት እንደምትሄድ እርግጠኛ ነበረች።

ሃውከር ጋዜጣ ዘረጋችና ከነሥሩ የተነቀለ ፎክስግላቭ አስቀመጠችበት። «ዘሩ በንፋስ መጥቶ መደቡ ላይ የበቀለ ቢሆን ሥሩ እንደልቡ ይበተን ነበር። ይኸው እዩት፤ ተጠቅልሎ የጣሳ ቅርጽ ይዟል። ሰው በጣሳ አሳድጎ ተክሎታል። መቼ? ኮምፍሪው ገና መሬት ውስጥ ሳለ፣ በማርች መጀመሪያ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ቢሆን ቅጠሉ ወጥቶ የተቆፈረው ቦታ ይታወቅ ነበር። ሄቲ ያኔ እዚህ አልነበረችም። ዶሪን በክራንች ነበረች፤ አካፋ መርገጥ አትችልም።»

«ልጅቷ በቅዳሜና እሁድ ብቅ ብላ እንደሆነስ?» አለ ኮፕስቴክ በትህትና።

«ይቻላል። ግን ሦስት ጣሳ ሙሉ አፈር ሲገባ፣ ያን ያህል አፈር ይተርፋል። ተካዩ ክምር ትቶ እንዳይታወቅበት የተረፈውን ይዞት ሄደ። ውስጡ ጥቋቁር የሥር ቁርጥራጭ ነበር፤ የበሰበሰ መስሎት ንቆታል። አትክልተኛ ቢሆን ያቃጥለው ነበር። የኮምፍሪ ሥር የጣት ጫፍ ታህል ብትቀር ትበቅላለች።» ከቦርሳዋ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ችግኝ አወጣች። «ይሄን ዛሬ ጠዋት፣ በፈቃድ ወረቀት፣ ከእርስዎ ጽጌረዳ ስር ነቀልኩት፣ ሚስተር ኮፕስቴክ።»

ኮፕስቴክ ሳቅ አለ። «ይሄ ነው እንዴ ማስረጃው? ወፍ ዘሩን ጥሎት ይሆናላ!»

ዶሪን ክራንቿን ወለሉ ላይ ቀጭ አደረገችው። «የምን ዘር? የሴፕቲመስ ኮምፍሪ ዘር የማያፈራ ዓይነት ነው እኮ! ሥሩን ሰው ካልወሰደው የትም አይሄድም። ሥር ደግሞ ለቄሱም አልሰጠ፣ ለእርስዎ ሊሰጥ ነው?»

የሰውየው ፈገግታ ከፊቱ ጠፋ።

«መኪናውን የገዛዎትን ሰው አግኝቼዋለሁ» አለች ሃውከር። «የፊት መብራቱና ፓራፋንጎው አዲስ ናቸው። በፌብሩዋሪ ዓይኑ የደከመ አንድ ሽማግሌ መጥቶ መኪናውን በእጁ ሲዳስስ እንደዋለ ነገረኝ። ዶሪንን የገጫት ያ መኪና መሆኑን ሚስተር ትራንተር ያወቁት በዳበሳ ነው። ያን እጅ ማታለል እንደማይቻል እርስዎም ያውቁ ነበር። ስለዚህ የምትቀጥፈው ልጅ እስክትመጣ ጠበቁ፤ ስትመጣ ደግሞ ጓንት ሰጧት።»

ኮፕስቴክ ሄቲን አላያትም፤ ያየው ዶሪንን ነበር።

«መሽቶ ነበር» አለ በቀስታ። «በረዶ ነበር። ሚዳቋ የገጨሁ ነው የመሰለኝ። እምልልሻለሁ፣ ሚዳቋ ነው የመሰለኝ።»

ዶሪን ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት ናት።

«ማስታገሻ ልገዛ ስመጣኮ በየሳምንቱ ትጠይቀኝ ነበር» አለችው። «"የገጨሽ ሰው መኪናው ምን ዓይነት እንደነበር ትዝ አለሽ?" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ አዝነህልኝ መስሎኝ አመሰግንህ ነበር።»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ሄቲ ከወንበሯ አልተነሳችም። ሃውከር ሻንጣዋን አንስታ ወደ ጓዳ መለሰችላትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«በባዶ እጄ ብቀጥፍ ኖሮ አውቀው ነበር?» አለች ሄቲ።

ኢንስፔክተሯ መዋሸት ትችል ነበር፤ ለልጅቷም ይቀላት ነበር።

«አዎ፣ ልጄ» አለቻት። «ለዚህ ነው ጓንቱን የሰጠሽ። አጎትሽን የገደለው እሱ ነው፤ አንቺን ግን እንደ እጁ አድርጎ ተጠቀመብሽ። ይሄንንም ክሱ ላይ አስጽፈዋለሁ።»

ሄቲ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እያየቻቸው፣ አጎቷ ካረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሷ ጥፋት ሳይሆን ስለ እሳቸው አለቀሰች።