በቀይ የተጻፈው ስም

ይርጋነሽ ዋንጫው መደፋቱን ያየችው ማክሰኞ ጠዋት፣ የሽማግሌው ጎረቤቷ ሬሳ ገና ከመደቡ ሳይነሣ ነው። ነገሩ ልክ አለመሆኑ የታያት ግን ልጇን ፖሊስ ከወሰዳት በኋላ ነበር።

መሪጌታ አካለ ወልድ ዕቃ አጥበው አያውቁም። በየእሑዱ የምታጥብላቸው ጎረቤታቸው ይርጋነሽ ናት። በዚያ ጠዋት የምስር ወጡ ሳሕን እንደቆሸሸ ተቀምጦ፣ የቀንድ ዋንጫቸው ብቻ ታጥቦ ተደፍቶ ነበር።

ሐኪሙ መርዝ ነው አለ፤ ከቀመሱት በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆዩም። የሰኞውን ምሳ የሠራችው ይርጋነሽ፣ ያደረሰችው የዐሥራ አምስት ዓመቷ ልጇ ትርሲት ናት። የአማርኛ መምህሩ ስጦታው ደግሞ ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ በር አንኳኩቶ መልስ እንዳጣ ተናገረ። ሽማግሌው በምሳው ሞቱ፣ መጨረሻ የገባችውም ትርሲት ናት ተባለ። ይርጋነሽ «እኔን እሰሩኝ» ብላ ጣቢያው ደጃፍ ተቀመጠች፤ የሰማት የለም። ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ አንድ ክፉ ነገር ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ኖራለች፤ አሁን መጣ። ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና ቅያሪ ልብስ ቋጠረችላት፤ አቋጣጠሯ የሳምንት ሳይሆን የሃያ ዓመት ስንቅ ይመስል ነበር።

ሐሙስ ዕለት ኢንስፔክተር ወይንእሸት ከሞጣ ወደ ቢቸና መጣች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ይርጋነሽ ስታያት፣ ልጅ ለማስፈታት ልጅ ላኩብን አለች በሆዷ። ቢሆንም የዋንጫውን ነገር ነገረቻት።

«ሳሕኑስ?»

«እንደቆሸሸ ነው።»

«ጥሩ ዓይን አለዎት፣ እትዬ።»

«ምን ያደርጋል? የኔ ዓይን የሚያየው ከረፈደ ነው።»

ወይንእሸት ቀጥላ ሟቹ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቀች። ይርጋነሽም አስረዳቻት። በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ ይገበርለት የነበረውን የዘንዶ ጥንታዊ ታሪክ፣ ልጆች እንዲያነቡት አድርገው እንደ አዲስ እየጻፉ ነበር። እሳቸው በእጃቸው ይጽፋሉ፤ መምህር ስጦታው በታይፕ ገልብጦ ለትምህርት ቤቶች ያባዛል።

ከዚያ ትርሲት ከእስር ክፍሉ ተጠራች። እናቷ ከኋላ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። ልጅቱ ዓይኗ አብጧል፤ ቢሆንም ቃሏ አልተንቀጠቀጠም። ምሳ ስታደርስ የኔታ እየጻፉ ነበር፤ ለዘንዶው የምትሰጠው ልጅ ስሟ ማን እንደሆነ ጠይቃቸው ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ቀዩ ሲመጣ ይነግርሻል አሉኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«የኔታ የድጓ ጸሐፊ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የቅዱሳን ስም በቀይ ነው የሚጻፈው፤ እሳቸውም የተረቱን ሰዎች ስም እንደዚያ ያደርጉታል። ቀን በጥቁር ይጽፋሉ፣ የስሙን ቦታ ባዶ ይተዉታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀዩን ቀለም አውጥተው ሁሉንም ባንዴ ይሞሉታል። ከዚያ ሳጥን ውስጥ ይቆልፉታል።»

የሳጥኑ ቁልፍ ከሟቹ አንገት ላይ የተገኘ ነው፤ ጣቢያው አሽጎ አስቀምጦታል። ወይንእሸት ሳጥኑን ራሷ ከፍታ የሰኞውን ወረቀቶች ለብዙ ጊዜ አየች። ከዚያ አንዱን ለይታ ያዘች።

የሟቹ የወንድም ልጅ ፈረደ ሰኞ ሞጣ እንደነበር ተናገረ፤ የአውቶቡሱ ረዳትም ማክሰኞ ረፋድ ከሞጣ እንዳመጣው አረጋገጠ። ስጦታው በበኩሉ ጽሑፉን ከዓርብ ወዲህ ዓይኑ እንዳላየው ፈርሞ ሰጠ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሟቹ ቤት ተሰበሰቡ። ትርሲት በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች። ይርጋነሽ ቋጠሮውን አቅፋ፣ ፍርዱን አሁኑኑ የሚያነቡ መሰላት።

«መምህር» አለች ወይንእሸት፣ «ልጆቹ ታሪኩን ይጠብቃሉ። እርስዎ ሊጨርሱላቸው ይችላሉ?»

«ምን ችግር አለው? ታሪኩን ማን የማያውቀው አለ? ስርጉት ለዘንዶው ትሰጣለች፣ ከዚያ በብልሃቷ…»

«ስርጉት ማን ናት?»

«ልጅቱ ናታ። መሪጌታ ነግረውኛል፤ ዓርብ።»

ወይንእሸት አንድ ወረቀት ዘረጋች። በስሙ ቦታ መጀመሪያ በቀይ ማናለሽ ተብሎ ተጽፏል፤ በዚያው ቀይ ተሰርዞ፣ ከላዩ ስርጉት ይላል።

«ይህ የሰኞ ወረቀት ነው። እስከ ዓርብ ባሉት ገጾች ሁሉ ልጅቱ፣ ልጅቱ ነው የምትባለው። ሰኞ ማታ እንኳ መሪጌታ ራሳቸው ስሙን ገና አልወሰኑም ነበር። እርስዎ ዓርብ እንዴት አወቁት?»



እሷም ነገሩን ረጋ ብላ ፈታችው። ቀዩ ከተሞላ ሽማግሌው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሕይወት ነበሩ፤ ምሳው አልገደላቸውም። ወረቀቱ ተቆልፎ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ስለነበር፣ ስሙን ሊያውቅ የሚችለው ሲጽፉ አጠገባቸው የነበረ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ሳሕኑን ትቶ ዋንጫውን አጠበ፤ መርዙ የት እንደነበር ያውቃልና። ፈረደ ሞጣ ነበር፤ ትርሲትም ማታ እናቷ ዘንድ እንደነበረች ጎረቤት ሁሉ አይቷል።

ፈረደ የአጎቱ ተረት የተባዛበትን መጽሔት ከኪሱ አወጣ። ሽፋኑ ላይ ያለው የስጦታው ስም ብቻ ነው። «ሞጣ ትምህርት ቤት አግኝቼው ቅዳሜ ለአጎቴ ስልክ አስደወልኩ» አለ። «ማክሰኞ እሱ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሄደው፣ ተረቱ የራሳቸው መሆኑን ተማሪዎቹ ፊት ሊናገሩ ነበር።»

«ብርዝ ይዤ ነው የሄድኩት። ለምኛቸው ነበር» አለ ስጦታው በመጨረሻ። «ገጹን አነበቡልኝ፤ ስሙ አማረ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አማረ አልኳቸው። ስለ ሽፋኑ ግን እንቢ አሉ፤ ብርዙን በዋንጫቸው ቀዳሁላቸው። ልጆቹ ፊት ሌባ ሊሉኝ ነበር።»

«ስለዚህ የሰው ልጅ ገበርክ» አለው ፈረደ።

ይርጋነሽ ልጇን በእጇ ይዛ ወደ ቤት ሄደች። እልል ያሉ ሴቶች ነበሩ፤ እሷ ግን አንገቷን እንደደፋች አለፈች። ስጦታው በየቅዳሜው እቤቷ እየመጣ ትርሲትን ያስጠና የነበረ ሰው ነው። እሷ ወንበር እየጠረገች ታስቀምጠው ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ስትፈራ እሱን አልፈራችም።

«እማ፣ ገና እኮ አልመሸም» አለች ትርሲት፣ እናቷ በሩን ልትዘጋ ስትይዝ አይታ።

ይርጋነሽ ወደ መንገዱ አንድ ጊዜ አየች። ከዚያ በሩን ገጥማ መቀርቀሪያውን እስከ ጥግ ገፋችው።