ጭስ የጠጣው ሳንቃ

ሳንቃው የለም።

እማማ ካሳነሽ ከጠበል በቃሬዛ ተመልሰው መደባቸው ላይ ጋደም ሲሉ ቀና ብለው ቆጡን አዩ። ባዶ ነው። ከምድጃው በላይ ዓመት ከዓመት ጭስ ሲጠጣ የኖረው የዋንዛ ሳንቃ ድራሹ ጠፍቷል። ኡኡ አሉ። ጎረቤት ተሰበሰበ።

ሌባ ብዙ ዓይነት አለ። በሬ የሚነዳ አለ፤ ጎተራ የሚገለብጥ አለ። የሬሳ ሣጥን እንጨት የሚሰርቅ ግን በዳንግላ ዙሪያ እስከዚያ እስከ 1955 ዓመተ ምሕረት ድረስ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ኤዲያ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

እንጨቱን ያስቀመጡት ለራሳቸው ነው። ባላቸው በጣሊያን ጊዜ ሜዳ ላይ ወድቀው የቀሩ፣ አፈር እንኳ በወጉ ያልለበሱ ናቸው። "እኔስ በሣጥን ነው የምቀበረው" ብለው ዋንዛውን አስቆርጠው አስሰነጠቁ፤ ክዳን በሚሆነው ሳንቃ ላይ በጋለ ብረት መስቀል አስተኮሱበት። አሁን ሕመሙ ጠንቶባቸዋል። ቄስም መጥተው አናዝዘዋቸዋል። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ነገር ቢኖር ያ ሣጥን ብቻ ነበር።

ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ነጋ ከዳንግላ በበቅሎ ደረሰ። ቀድሞት የደረሰው የሴትዮዋ ልጅ ስማቸው ነው። ከተማ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ካፖርት ለባሽ ሰው ነው። ደረቱን እየደቃ ይጮኻል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሱ ዓይን ግን ደረቅ ነው።

"የእናቴን ሣጥን! ሃምሳ አለቃ፣ ሌባውን እኔ አውቀዋለሁ። ደጉ ነው!"

ደጉ ጎረቤት ነው። ለእማማ ካሳነሽ ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚፈልጠው እሱ ነው። ወልደው ያሳደጉት ስማቸው ግን ብቅ የሚለው በዓመት አንዴ ነው።

"ምን አይተህ ነው?" አለ ነጋ።

"በር እየሠራ ነው። ግቢው ፍቅፋቂ ሞልቷል፤ ሄደው ይዩት። ደግሞስ እናቴ ጠበል ስትሄድ የቤቱን ቁልፍ የተወችው እሱ ዘንድ አይደለም?"

እውነትም የደጉ ግቢ ፍቅፋቂ ሞልቶታል።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የቤቴ መዝጊያ ነው ጌታዬ። ባሕር ዛፍ ነው፤ ያሽትቱት!"

"ሳንቃውን የት አደረስኸው?"

"እኔ? የእማማን? ምድር ትዋጠኝ!"

ስማቸው በሚካኤል ስም ምሎ መሰከረበት። "ሳንቃውን ሲያወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ" አለ። ነጋም ደጉን በገመድ አስሮ ነዳው። እማማ ካሳነሽ "ተው! እሱ አይደለም!" ቢሉ ማን ሰምቷቸው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ስማቸው ነጋን ምሳ ጠራው።

የስማቸው ሚስት እህተማርያም ወጥ ቤቷን አፍርሳ እንደ አዲስ እያሠራች ነበር። ባሕር ዳር አንድ ፈረንጅ ቤት ያየችው ቁም ሳጥን ዓይኗ ውስጥ ገብቶ እንቅልፍ ነስቷታል። ነጋ ሲገባ ከአናጢው ከአየነው ጋር ተፋጥጣለች።

"ነጭ አልሁህ! እንደ ወተት የነጣ! ይህ ምንድን ነው?"

"እመቤቴ፣ እኔ ቫርኒሽ ይሻላል ብያለሁ። ማጠፊያውን መረጡ፣ እጀታውን መረጡ፣ ቀለሙንም የመረጡት እርስዎ ነዎት።"

"በቀባኸው ቁጥር ይበልዛል! ቀለሙ የበሰበሰ ነው!"

ነጋ ቀረብ ብሎ አየ። ግድግዳውን የሸፈነው ቁም ሳጥን በነጩ የዘይት ቀለም ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል። ብጉንጅ የወረሰው ፊት ይመስላል። በጣቱ ነካው። ተለጠፈበት። አሸተተው።

ጥቀርሻ!

ነጋ ያደገው ጥሊሊ ገጠር ነው፤ ይህን ሽታ አይስተውም።

"እንጨቱ ከየት መጣ?"

"ከጫግኒ። ገና አሁን የተሰነጠቀ ነው ብሎኛል ባሌ" አለች እህተማርያም።

"ገና አሁን የተሰነጠቀ እንጨት ጭስ የት ጠጣ?"

ስማቸው "ምሳው ቀረበ!" እያለ ገባ። ነጋ ዘወር ብሎም አላየው።

"አየነው፣ ሳንቃውን ማን አመጣልህ?"

"ጌታው ራሳቸው።"

"ሲመጣ መልኩ?"

"ጥቁር። ብልገው ብልገው ጭሱ ውስጥ ድረስ ዘልቋል።"

"መስቀል ነበረበት?"

አናጢው ስማቸውን ሰረቅ አድርጎ አየ።

"ነበረበት። ምንድን ነው ብላቸው 'ወደ ግድግዳው አዙረው፣ አፍህንም ዝጋ' አሉኝ።"

"ሳበው!"

ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ተላቀቀ። በጀርባው መካከል በብረት የተተኮሰው መስቀል ይታያል። በፊት ለፊቱ ደግሞ ቅቤው፣ በርበሬው፣ ማሩ ተደርድሯል። የሬሳ ሣጥን ክዳን ተደግፎ! እህተማርያም አፏን ይዛ ወደ ደጅ ሮጠች። ስታስመልስ ቤት ውስጥ ድረስ ይሰማል።

"ለምን?" አለ ነጋ።

"የጫግኒው እንጨት እርጥብ ነው፤ ተሰነጣጠቀብኝ" አለ ስማቸው መሬት መሬቱን እያየ። "ሚስቴ ደግሞ ቀን ከሌት ቁም ሳጥን ትላለች። ደረቅ እንጨት ያለው እናቴ ቤት ነው። ጠበል ይሻልሻል ብዬ አስወስጄ በራሴ ቁልፍ ገባሁ። እሷ እንደሆነች ዛሬ ነገ ሳትል ትሄዳለች። አፈር የሚበላውን እንጨት ማን ቆፍሮ ያያል? ሰሌን ይበቃት ነበር።"

ሰሌን ይበቃት ነበር! ይህን ያለው አፍ የእሷን ጡት የጠባ አፍ ነው። እፍ! ለካ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለው ለዚህ ነው። ነጋን አንገሸገሸው። ደጉን ያሰረው የገዛ እጁ ነውና ራሱንም ተጸየፈ።

ደጉን አስፈታ። እሱንም ስማቸውንም ይዞ እማማ ካሳነሽ ቤት ገባ።

"እማማ፣ የወሰደው ልጅዎ ነው። ይከሱታል?"

አሮጊቷ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

"አልሰረቀኝም" አሉ። "የሰጠሁት እኔ ነኝ። ረስቼው ነው።"

ውሸት መሆኑን እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል። የስማቸው ፊት ግን በራ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ!

"ሰማችሁ? ሰጥታኛለች! ውሰድ ብላኛለች!"

"ትምላለህ?" አለ ነጋ ቀስ ብሎ።

"በሚካኤል!"

"እንግዲያው ደጉ ንጹሕ መሆኑን እያወቅህ ነው ሲያወጣ አይቻለሁ ብለህ ያሳሰርኸው።"

ስማቸው ወደ በሩ አፈገፈገ።

"ለስርቆቱ እናትህ ምረውሃል። በሐሰት ምለህ ሰው ላሳሰርህበት እኔ አልምርህም። እጅህን አምጣ።"

እናቱ እግር ላይ ይወድቃል ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ ተሞኝቷል። ዞሮ ጮኸባቸው።

"ምን አስቀባጠረሽ? አርፈሽ ብትተኚ ምን ነበረበት!"

ነጋ ገመዱን አጥብቆ አሰረው።

"እማማ፣ ሳንቃውን አስፈትቼ ላምጣልዎት?"

"አልፈልገውም። ቀፈፈኝ። በሰሌን ቅበሩኝ።"

እጃቸውን ወደ ደጉ ዘረጉ። ገመድ ያሳበጠውን ክንዱን ዳሰሱት።

"ያ ሰውዬ ቀብሬ ላይ እንዳይቆም" አሉ። "ቀባሪዬ አንተ ነህ፣ ደጉ።"